የበረዶ ጎማ ያላዘዝክበት ጥቅምት

ውድ ሬይኖ፣

ዛሬ ጠዋት የዓመቱ የመጀመሪያ የምር በረዶ ወረደ። ከሐይቁ በኩል ነው የመጣው፣ እንደ ልማዱ ሳያስጠነቅቅ። ስነሳ የጓሮው አጥር ግማሹ የለም። አንተ ብትኖር ይሄኔ የቡና ኩባያህን ይዘህ መስኮቱ ሥር ተገትረህ፣ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ጎማ ጎማውን እያየህ ትፈርድ ነበር። «ይሄ ይደርሳል። ይሄ አይደርስም። ይሄኛውን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከቦይ ነው የማወጣው።» ጡረታ ከወጣህ በኋላም አውጪው አንተ የሆንክ ይመስልህ ነበር።

ለሞተ ባል ደብዳቤ መጻፍ የእኔ ጠባይ እንዳልሆነ ታውቃለህ። ዕድሜዬን ሙሉ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ስሠራ የጻፍኩት ነገር ቢኖር «በሩን ዝጉ፣ ብርድ ገባ» የሚል ብቻ ነው። ግን ከቀበርንህ ወዲህ ቤት ውስጥ ብቻዬን እየዞርኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ከአንተ ጋር ስጣላ ነው የምውለው። ባለፈው እሑድ ልጃችን ጆዲ ከአሪዞና ስትደውል ጭቅጭቄን ሳልጨርስ ስልኩን አንስቼው ኖሮ «እማ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አለችኝ። «ከአባትሽ ጋር» አልኳት። ደነገጠች። ስለዚህ በወረቀት ይሻላል ብዬ ነው። በወረቀት መጣላት ቢያንስ ልጅ አያስደነግጥም።

የምጣላህ ስለ ጎማ ነው። ስለ ሌላው ነገርማ፣ እያለቀስኩም ቢሆን፣ ተስማምተናል።

አንተ እኮ በዚህ አውራጃ በረዶ ጠራጊ መኪና ስትነዳ ያረጀህ ሰው ነህ። ብርዱ በገባ ቁጥር ከደቡብ ከተሞች በትልልቅ ጂፕ እየመጡ፣ መኪናው ሲገዛ አብሮት የመጣውን ባለ አራት ወቅት ጎማ ተማምነው ቦይ የሚገቡትን ሰዎች እየጎተትክ ያወጣህ አንተ ነህ። «አራቱም ጎማ ይነዳል እኮ!» ይሉሃል፣ እስከ ጉልበታቸው በረዶ ውስጥ ቆመው። አንተ ደግሞ ሰንሰለቱን እያሰርክ «አራቱ የሚረዳህ ለመነሳት ነው ጌታው። ለማቆምማ የአያቴም መኪና አራት ፍሬን አለው» ትላቸዋለህ። ጎማ ላንተ ሃይማኖት ነበር። ባለ አራት ወቅቱ ብርድ ሲነካው እንዳደረ ዳቦ ይደርቃል፣ የበረዶው ጎማ ግን ለስላሳ ሆኖ መንገዱን ይይዛል። ይህንን ከአንተ አፍ ያልሰማ ሰው በከተማችን የለም። በጆዲ ሠርግ ላይ እንኳ ለሙሽራው አባት ስትሰብክ ሰምቼ ጠረጴዛ ሥር እግርህን ረግጬሃለሁ። አላቆምክም።

ኩላሊትህ ከደከመ ወዲህ ግን ጎማ የወሬ ጉዳይ መሆኑ ቀረ። በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ማርኬት ከተማ ለኩላሊት እጥበት፣ ክረምት ከበጋ። እኔ ነጂ፣ አንተ አራሚ።

«ፍሬኑን አትርገጪው፣ ዳሰስ አድርጊው።»

«እየዳሰስኩት ነው።»

«ይሄ መዳሰስ ነው? ይሄ በረሮ መግደል ነው።»

ያ ማሽን ደምህን አውጥቶ አጥቦ ሲመልስ እኔ ኮሪደር ላይ ሹራብ እሠራለሁ። ስንመለስ አንተ ራስህን መስኮቱ ላይ ጥለህ ታንቀላፋለህ። እንዲህ እንዲህ እያልን ክረምቶቹን ገፋናቸው። ባለፈው የካቲት ያ ነጭ አውሎ ነፋስ መንገድ ላይ የያዘን ቀን ትዝ ይልሃል? የጂፓችን አፍንጫ እንኳ አይታይም ነበር። ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈስክም። እኔ ፈርተህ መስሎኝ ነበር፤ ትንሽም ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለአንድ ቀን እንኳ ስላላረምከኝ።

የበረዶ ጎማዎቻችን በዚያ ክረምት አለቁ። በሚያዝያ ዋሊ ኔሚ ሲያወልቃቸው ጥርሳቸውን በአውራ ጣቱ ዳብሶ «አለቃ፣ እነዚህ አገልግለዋል። አሁን የሚሆኑት ለአበባ መትከያ ነው» አለህ። ዋሊ ድሮ ከአንተ ሥር ሁለተኛውን በረዶ ጠራጊ ይነዳ ስለነበር፣ ጎማ ቤት ከፍቶ የራሱ ጌታ ከሆነ በኋላም «አለቃ» ማለቱን አልተወም። የበጋዎቹም ቢሆኑ ያረጁ ነበሩ። ስለዚህ በጥቅምት አዲስ ጎማ መግዛታችን የታወቀ ነበር። የትኛውን እንደሆነማ ማን ይጠይቃል?

የሄድንበት ቀን ጎማ ቤቱ እንደ ሁልጊዜው በጥቅምት ሞልቶ ነበር። ሰው ሁሉ ዶናቱን ይዞ፣ አግዳሚው ላይ ተደርድሮ ተራውን ይጠብቃል። ዋሊ ገና ስንገባ ከመኪና ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«አለቃ! ያንተማ ተዘጋጅቷል። የበረዶ፣ አራት ፍሬ፣ እንደ ድሮው።»

«አይ» አልክ። «ባለ አራት ወቅቱን ግጠምልኝ።»

ዋሊ ሳቀ። አግዳሚው ላይ ያሉትም አብረው ሳቁ።

«እሺ አለቃ፣ ስቀናል። ጂፑን አስገባው።»

«ቀልድ አይደለም። ባለ አራት ወቅት። ጥሩውን፣ ረጅም መንገድ የሚችለውን።»

ሳቁ ቀጥ አለ። የፖስታ ቤቷ ቨርና ዶናቷን አፏ አጠገብ እንደያዘች ቀረች። ዋሊ እኔን አየኝ፣ እኔ አንተን አየሁህ።

«ሬይኖ፣ ደህና ነህ?» አልኩህ።

«ደህና ነኝ። አፍሽን ግጠሚው፣ ሰው እያየሽ ነው።»

ዋሊ እንደምንም አድርጎ «አለቃ፣ አንተ እኮ ነህ ያስተማርከኝ» አለ። አንተም «ያስተማርኩህን እኔ አልረሳሁም። ግጠም» አልከው። ገጠመ። ብሎኑን ሲያጠብቅ ግን አንድም ቀና ብሎ አላየህም። ቄሱ መስቀሉን ሽጦ ሲመጣ ያየ ሰው ነበር የሚመስለው።

እኛ ሀገር ሰው ብርዱን የት እንደሚያሳልፍ ማወቅ ከፈለግህ አትጠይቀውም፤ ጎማውን ታያለህ። በጥቅምት ባለ አራት ወቅት ጎማ ያስገጠመ ሽማግሌ ወደ ሙቀት የሚሄድ ነው፣ አለቀ። ገና ቤት ሳንደርስ ከተማው በሙሉ «ሬይኖና ኢርማ አሪዞና ሊገቡ ነው» ብሎ ጨርሶ ነበር። ጆዲ ስንት ዓመት ሙሉ «አባዬ፣ እጥበቱ እዚህም አለ፣ ከቤቴ በእግር ይደረሳል፣ በረዶ የለ፣ ምን የለ» እያለች ስትለምንህ፣ አንተ «በጥር ሰው የሚያልበው ሀገር እግዚአብሔር የረሳው ሀገር ነው» እያልክ ስትመልሳት ነበር። እና በመጨረሻ እሺ አልክ ብዬ አመንኩ። እኔም እንደ ሰው ሁሉ ጎማህን አይቼ አመንኩ።

ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ፣ ያኔ አልነገርኩህምና። መጀመሪያ ዕቃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚህ ቤት መውጣት አልፈልግም ነበር። ከዚያ ፊቴን ታጠብኩና ደስ አለኝ፤ ደስታው አለቅጥ ሆነብኝ። ሬይኖ ሊኖር ነው። ያ መንገድ ሊቀርልን ነው። የበጋ ቀሚሶቼን አውጥቼ ተኮስኳቸው። ሰፊ ክፈፍ ያለው የገለባ ኮፍያ ገዛሁ። ለጆዲ ደውዬ ስነግራት ጩኸቷ ከስልኩ አልፎ ሳሎን ድረስ ተሰማ። አንተ ሳሎን ተቀምጠህ ነበር። ሰምተሃል።

ሰው መምጣት ጀመረ። ቨርና ሥጋና ድንች የሞላበት ፓስቲ ጋግራ አመጣች፤ «እዚያ ይሄንን የሚሠራልህ የለም» ብላ ሁለቴ አቀፈችህ። ቄሱ መጥተው እጅህን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። ጎረቤታችን አርቪድ፣ በአጥር ጉዳይ ስንት ዓመት ያኮረፈህ ሰውዬ፣ «ቧንቧችሁ እንዳይፈነዳ እኔ አያለሁ» ብሎ መጣና አብራችሁ ቢራ ጠጣችሁ። አንተ ቢራ እንደተከለከልክ አውቃለሁ፣ አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። ሁሉም ሲወጡ «በል ደህና ሁን ሬይኖ» ይሉሃል። አንተም በሩ ድረስ ትሸኛቸውና «ደህና ሁኑ፣ ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ» ትላቸዋለህ። አንተ እኮ ሰው የማትሸኝ ሰው ነበርክ! «መውጫውን ያውቁታል» ነበር የምትለው። እኔ ደግሞ የአሪዞና ፀሐይ ገና ሳይነካው ሰውዬውን አለሰለሰው ብዬ በልቤ ስስቅ ነበር። እነሱ ወደ አሪዞና ይሸኙሃል፣ አንተ ትሰናበታቸዋለህ። ይህ ሲገባኝ ዘግይቼ ነበር። 

ከዚያ ቅዳሜ መጣ። በጓሮ ሳውናችን፣ በእንፋሎት መታጠቢያው ውስጥ፣ እንደ ልማዳችን እንጨቱን አንድጄ፣ ድንጋዩ ከጋለ በኋላ ጠራሁህ። ልብህ ስለማይችል ታችኛው እርከን ላይ፣ በሩን ገርበብ አድርገህ ትቀመጥ ነበር። እኔ ከላይ። የእጥበቱ መርፌ የሚገባበት ክንድህ ያበጠ ደም ሥር በፋኖሱ ብርሃን ይታየኝ ነበር።

«ኢርማ» አልክ። «ያን ኮፍያ የት ልታደርጊው ነው?»

«አሪዞና ነዋ። ታዲያ ዓሣ ላጠምድበት ነው?»

«ያምርብሻል።»

ያኔ ነው የደነገጥኩት። በትዳራችን ኮፍያ አምሮብኝ አያውቅም።

«ምንድነው ነገሩ?»

«እኔ አሪዞና አልሄድም።»

«ጎማውስ?»

«ጎማው ያንቺ ነው። ከኔ በኋላ ወደ ጆዲ ትነጂዋለሽ። የበረዶ ጎማ በዚያ ሙቀት እንደ ቅቤ ነው የሚያልቀው። ባለ አራት ወቅቱ ያን ሁሉ መንገድ ይችላል። ዝናብም ይችላል። ቀጭን በረዶ ቢያጋጥምሽም ቀስ ካልሽ ይችላል።»

ስለ ጎማው ብቻ ታወራ ነበር። ስለ ጎማው ማውራት እስከምትጨርስ ጠበቅሁህ፣ አልጨረስክም። ስለ ነፋሱ ልክ ልትነግረኝ ስትጀምር ነው «ከኔ በኋላ ማለት ምን ማለት ነው?» ያልኩህ።

«ማሽኑን ላቆም ነው። ለዶክተሩ ነግሬዋለሁ። ብዙ ተነጋግረንበታል።»

«የት ሆኜ?»

«ኮሪደር ላይ። ሹራብ ስትሠሪ።»

ባልዲውን አንስቼ ውሃውን በሙሉ ድንጋዩ ላይ ደፋሁት። ያ ሁሉ እንፋሎት የተነሳው ፊቴን እንዳታይ ነው። አንተ ስታስል «እሰይ!» አልኩ። ቆይቼ ግን ወርጄ ጎንህ ተቀመጥኩ፤ ከላይ ሆኜ መጣላት አልሆንልኝ አለ።

«መቼ ነው ያሰብከው?» አልኩህ።

«መሬቱ በብርድ ሳይደነድን። እስከ ግንቦት መቃብር ቤቷ ውስጥ ተደርድሬ ተራ መጠበቅ አልፈልግም። ደግሞ ከነማን ጋር እንደምከርም ምን አውቃለሁ? አጎትሽ ቢሞትና አጠገቤ ቢያስቀምጡትስ?»

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ። እዚህ ሀገር መሬቱ ከደነደነ በኋላ የሞተ ሰው ቀባሪ እስኪያገኝ በዚያች የድንጋይ ቤት እንደሚከርም ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁላችንም እንቀልድበታለን። የራሱን ቀን በዚያ የሚቆጥር ሰው ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። እየሳቅሁ አለቀስኩ፣ አንተ በዚያ በሚያመው ክንድህ አቀፍከኝ።

ለቀናት ታገልኩህ። ሰኞ ሳትጠይቀኝ ቁልፉን አንስቼ ለእጥበት ወሰድኩህ፤ ዝም ብለህ መጣህ። በመንገድ ላይ «ችግሩ የኔ አነዳድ ከሆነ ዋሊ ይወስድሃል፣ ቨርናም ትወስድሃለች፣ አምቡላንስም ቢሆን እንከራያለን» አልኩህ። ያን ጊዜ ነው ስለ የካቲቱ አውሎ ነፋስ የነገርከኝ።

«ያን ቀን መንገዱን አይደለም ያየሁት» አልክ። «እጅሽን ነው። መሪውን ይዞ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌላ ክረምት በዚያ እጅሽ መንቀጥቀጥ አልገዛም ብዬ ያኔ ወሰንኩ።»

«ስለዚህ በኔ ምክንያት ነው የምትሞተው?» ብዬ ጮህኩ። ጂፑን ዳር አስያዝኩና አቆምኩ።

«አይደለም። እጅሽ አንዱ ነው። ዋናው ግን ደክሞኛል፣ ኢርማ። አንድ ቀን ወንበሩ ላይ ያልቃል፤ የሚቀጥለው ቀን ከወንበሩ ለማገገም ያልቃል። ከዚያ ደግሞ ወንበሩ። ለወንበር ብዬ ነው የምኖረው። ላንቺ ብዬ ልኑር ብል እንኳ፣ ላንቺ የሚተርፍ ቀን የለኝም።»

ዳር ቆመን ሳለ አንድ የእንጨት ጫኝ መኪና አልፎ ጂፑን አወዛወዘው።   ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያልክ ስትተርትብኝ ኖረሃል፤ ያን ቀን ግን ለቀቅሁ። ጎትቼ ላቆይህ የፈለግሁት ለራሴ መሆኑን አውቄዋለሁና።

የመጨረሻውን እጥበትህን ጨርሰህ፣ ለነርሶቹ ሁሉ የዋሊ ጎማ ቤት ቆብ አድለህ ወጣህ። የሚቀጥለው ቀጠሮ ቀን አልሄድንም። ቁርስ ላይ ሳለን ስልኩ ጮኸ። አንተ ቀና ብለህ አየኸኝ፣ አልተነሳህም። የእኔ ሥራ መሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ነርሷ ብሬንዳ ነበረች፤ ለካ ዶክተሩ ገና አልነገራትም።

«ኢርማዬ፣ ዘገያችሁብኝ እኮ። መንገዱ ተበላሸ እንዴ?»

«መንገዱ ደህና ነው» አልኳት። «ሬይኖ አይመጣም።»

«ዛሬ?»

«ከእንግዲህ።»

ስትተነፍስ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ «ግንባሩን ሳሚልኝ» አለችና ዘጋች። መጥቼ ሳምኩህ። «ይሄ የብሬንዳ ነው» አልኩህ። «የአንቺስ?» አልክ። በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ የከበደኝ ያ «ሬይኖ አይመጣም» ያልኩት ነው፣ ሬይኖ። ከመቃብርህም ይልቅ እሱ ከብዶኛል።

ቀሪዎቹ ቀናት ግን ጥሩ ነበሩ፤ ይህንን ልደብቅህ አልችልም። ለኩላሊትህ ሲባል የተከለከልከውን ብርቱካን ሁሉ በላህ፣ ጭማቂው አገጭህ ላይ እየወረደ። ድንች በላህ። ጆዲ መጣች፤ ጎንህ ተኝታ እንደ ሕፃንነቷ ጆሮህን ስትጎትት አደረች። እየቆየህ እንቅልፍህ ረዘመ፣ ንግግርህ አጠረ። አንድ ዝናባማ ጠዋት፣ የቤት ነርሷ ትራስህን አስተካክላ ቀና ሳትል ሄድክ። መሬቱ ለስላሳ ነበር። አርቪድ ራሱ አካፋ ይዞ መጥቶ ቆፈረ። ያሰብከው ሁሉ እንዳሰብከው ሆነ።

ከቀብሩ በኋላ ጆዲ ሻንጣዬን አዘጋጀች። ኮፍያውን ከላይ አደረገችው። «እማ፣ መኪናው እኮ ዝግጁ ነው፣ አባዬ አዘጋጅቶልሻል፣ አብረን እየተፈራረቅን እንነዳለን» ብላ ለመነችኝ። አንዱን ቀን በዚህ፣ አንዱን በዚያ እያመካኘሁ አቆየኋት። በመጨረሻ ሥራዋ ጠራትና አልቅሳ በአውሮፕላን ሄደች። «ለምስጋና ቀን በዓል እመጣለሁ» አልኳት። ስላት እንደማልመጣ አውቅ ነበር መሰለኝ።

ባለፈው ሳምንት የአየር ጠባይ ትንበያውን ሰምቼ ጂፑን አስነሳሁና ዋሊ ጋ ሄድኩ። የምለውን በመንገድ ሁሉ ስለማመደው ነበር፤ «ዋሊ፣ አለቃህ የገዛልኝን ጎማ አውልቅና…»። ገና በሩን ስከፍት ዋሊ አየኝ። ሠላም እንኳ ሳይለኝ ወደ ኋላ ገባና አራት የበረዶ ጎማ አንድ በአንድ እያንከባለለ አምጥቶ ፊቴ ደረደራቸው።

«ምንድናቸው?» አልኩት።

«ያንቺ ናቸው። በልክሽ።»

«ማን አዘዘህ?»

ዋሊ ቆቡን አወለቀ። «አለቃ። ያን ባለ አራት ወቅቱን ባስገጠመ በሳምንቱ ቨርና ይዛው መጣች። ‹ኢርማ በኅዳር ትመጣለች፣ የበረዶ ጎማ ትጠይቅሃለች፣ እንዳትከራከራት› አለኝ። ‹ያን ብረት የተሰካበትን ግን እንዳትሰጣት፣ ጩኸቱን አትወድም› አለኝ።»

«እንደምመጣ ካወቀ ለምን መጀመሪያውኑ አላዘዘውም?»

«እኔስ ምን አልኩት! ይሄንኑ ጠየቅሁት። ‹እኔ ካዘዝኩላት ስለ እኔ ብላ ነው የምትቀረው። ራሷ መጥታ ከጠየቀች ግን የቀረችው ስለ ራሷ ነው። ያን ጊዜ ሐሳብ አይገባኝም› አለኝ።»

አንዱ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ጎማ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ልቧ ተነካ ብሎ ከንፈሩን መጠጠልኝ። ዋሊም አፍንጫውን በዘይት ጨርቁ ጠረገ። እኔን ግን ያቃጠለኝ ንዴት ነበር። ሰውን እስከዚህ ድረስ አውቆ፣ የሚመጣበትን ወር ሳይቀር አውቆ፣ ከዚያ ጥሎ መሄድ ምን ይባላል? ማን ነው ከእንግዲህ እንዲህ የሚያውቀኝ? ጆዲ ትወደኛለች እንጂ አታውቀኝም። እኔ ራሴም ራሴን እንዲህ አላውቀውም።

ጠባችን ይሄ ነው እንግዲህ። ቀን ቤት ውስጥ ስጮህብህ የምውለው ይሄን ነው። ዛሬ ግን ገባኝ፤ ለካ አንድ ነገር ተሳስተሃል።

ጠዋት በረዶው ፋታ ሲሰጥ፣ ዋሊ በገጠመልኝ የበረዶ ጎማ፣ ጂፑን ይዤ ወደ መቃብሩ ኮረብታ ወጣሁ። ጠራጊው ገና አላለፈም ነበር። ከፍ ብላ የምትጠመዘዘዋ መንገድ ጋ ስደርስ ትንሽ ፈራሁ፣ እጄም ተንቀጠቀጠ፣ ግን ወጣሁ። ድንጋይህ ገና አልቆመም። አዲሱ አፈርህ ከሌላው ሰው አፈር ጋር እኩል ነጭ ሆኖ፣ የት እንዳለህ ለማወቅ ከዛፉ ጀምሬ በእግሬ ፈለግሁህ። አግኝቼህ ቆምኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። አሪዞና ፀሐይ ላይ እግሬን ዘርግቼ መቀመጥ እንዴት እንዳማረኝ ብነግርህ አታምነኝም።

ስለ ራሴ ቢሆን ሄጄ ነበር፣ ሬይኖ። ከልጄ ጋር፣ ከሙቀቱ ጋር። ቤቱ ባዶ ነው፣ ቀኑ አጭር ነው፣ ለእጥበት የማደርሰው ሰው የለኝ፣ የሚያርመኝ የለኝ። የቀረሁት የመጀመሪያው በረዶ ሲወርድብህ ብቻህን እንዳትሆን ብዬ ነው። ለዋሊ የነገርከው ስህተት ነው። ጎማውን ራሴ ሄጄ የጠየቅሁት ስለ አንተ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ከርሞ ስለ ራሴ ይሆን እንደሆነ ከርሞ ይታያል።

ነገም በረዶ ነው ይላሉ። መንገዱ ባይጠረግም እመጣለሁ።

አሁንም ሚስትህ፣
ኢርማ